«ካካ አልፈልግም» የሚል ልጅ ላላችሁ፦ ድርቀቱን በምግብና በልማድ የማላላት መመሪያ

ልጄ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ላይ መጋረጃ ጀርባ መደበቅ አመጣች። እኛ ጨዋታ መስሎን ነበር። ድንገት አሻንጉሊቷን ጥላ ትሄድና መጋረጃውን ጨምድዳ ትይዛለች። በእግር ጣቶቿ ትቆማለች፣ እግሮቿን ታጣምራለች፣ ቂጧን ጭምቅ ታደርጋለች። ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። እኔና አባቷ ከዚህ በኩል ቆመን «በርቺ፣ ግፊ፣ ትንሽ ቀረሽ» እንላለን። ለካ እየገፋች አልነበረም። እንዳይወጣ እየያዘችው ነበር።

ይህን ያወቅነው ሐኪም ጋ ስንሄድ ነው። ዶክተሯ «እስቲ እንዴት እንደምትቆም አሳዪኝ» አለችኝ። እኔም እዚያው ክፍል ውስጥ በጣቶቼ ቆሜ፣ እግሬን አጣምሬ አሳየኋት። ሳቀችና «ይቺ ልጅ ካካዋን እየታገለችው ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ አንድ ቀን ደረቅ ካካ ይወጣዋል፣ ያመዋል። የሁለት ዓመት ልጅ ሕመም አይረሳም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣበት ይይዘዋል። ካካው ትልቁ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር አንጀቱ ውሃውን እየመጠጠ ያደርቀዋል፣ ከኋላው ደግሞ አዲስ እየተጨመረበት ይወፍራል፣ በመጨረሻ አልቻል ብሎ ሲወጣ ከመጀመሪያው የባሰ ያመዋል። በቃ፣ ዙሩ ከረረ።

ስለዚህ ሥራችን ሁለት ነው። አንደኛው ካካውን ማለስለስ ነው፤ ይሄ ቀናት ይፈጃል። ሁለተኛው ልጁ ሕመሙን እስኪረሳ ድረስ ለስላሳ እንደሆነ ማቆየት ነው፤ ይሄ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። አብዛኞቻችን አንደኛውን ጨርሰን «ተመስገን፣ ዳነ» ብለን እናቆማለን። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

የምጽፈው ከአንድ እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነገሩ ሌላ ነው። ማር አይሰጠውም፣ ስድስት ወር ካልሞላው ውሃም አይሰጠውም። እሱን ሐኪም ይየው።

በመጀመሪያ፦ እውነት ድርቀት ነው?

በየቀኑ አለመውጣቱ ብቻውን ድርቀት አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወጣ ልጅ አለ፣ በሁለት ቀን አንዴ የሚወጣም አለ። ለስላሳ ከሆነና ካላመመው ተዉት። ድርቀት የምንለው በሳምንት ሁለት ጊዜና ከዚያ በታች ሲወጣ፣ እንደ ፍየል በጠጥ ሲንጠባጠብ፣ ወይም «ይሄ ከዚህ ልጅ ነው የወጣው?» የሚያሰኝ ወፍራም ሲሆን ነው። ሲወጣ የሚያለቅስ፣ ሆዱ የሚጠነክር፣ ምግብ የሚገፋና ካካ ካለ በኋላ ግን ተርቦ እንደከረመ ሰው የሚበላ ልጅም እዚሁ ውስጥ ነው።

ሐኪሞች የብሪስቶል ሰንጠረዥ የሚሉት ነገር አለ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ውስጥ የወጣ ነው። ካካን በቅርጹ ሰባት ቦታ ይከፍለዋል። 1 ቁጥር በጠጡ ነው። 2 በጠጡ ተጣብቆ ወፍራም የሆነው። 3 ላዩ የተሰነጣጠቀ። 4 እንደ እባብ ለስላሳና ወጥ የሆነው። 5 ለስላሳ ቁርጥራጭ። 6 እና 7 ወደ ተቅማጥ የሚሄዱት። እናንተ የምትፈልጉት 4 ቁጥርን ነው፤ ድርቀቱን እያላላችሁ ባለበት ጊዜ ደግሞ 5 ቢሆንም ደስ ይበላችሁ። እኔና ባለቤቴ ለሁለት ወር ያህል ሥራ ቦታ ሆነን በስልክ የምንጻጻፈው «ዛሬ 3»፣ «ዛሬ 4!!» ብቻ ነበር። ትዳር እንዲህ ይሆናል ብሎ የነገረኝ የለም።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ልጁ ፓንቱ ላይ ወይም ዳይፐሩ ላይ ቀጭን፣ ፈሳሽ ካካ በተደጋጋሚ እያመለጠው ከሆነ ተቅማጥ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ውስጥ ትልቅ ደረቅ ካካ ተሰንቅሮ፣ ፈሳሹ በጎኑ እያመለጠ ሊሆን ይችላል። አያት ይሄንን ስታይ «ሆዱ ተበላሽቷል፣ ሩዝ ስጡት፣ ፍራፍሬ ይቅር» ትላለች፤ በቅንነት ነው፣ ግን ነገሩን ታብሰዋለች። እንዲህ ያለው ልጅ በምግብ ብቻ አይስተካከልም። መጀመሪያ የተሰነቀረው በሐኪም ትእዛዝ መውጣት አለበት። በተደፈነ ቱቦ ላይ ጎመንና ተልባ መጨመር ሆዱን ከመንፋት ሌላ ጥቅም የለውም።

ይህን መመሪያ ዘግታችሁ በቀጥታ ሐኪም ቤት የምትሄዱባቸው ምልክቶችም አሉ። ድርቀቱ ከተወለደ የመጀመሪያው ወር ጀምሮ ያለ ከሆነ። በተወለደ በ48 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ጥቁር ካካ ካላለ። ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ በተለይ ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ። ትኩሳት ካለው። ክብደት ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ። ካካው ሁልጊዜ እንደ ጥብጣብ ቀጭን ከሆነ። እግሩ ከደከመ ወይም አረማመዱ ከተለወጠ። ደሙ ላዩ ላይ ያለ ቀይ መስመር ሳይሆን ከካካው ጋር የተቀላቀለ ከሆነ። እነዚህን በምግብ አትሞክሯቸው።

ሁለተኛ፦ ሦስት ቀን ብቻ ጻፉ

ምንም ሳትለውጡ። ስልካችሁ ላይ ስንት ጡጦ ወተት፣ ስንት ኩባያ ውሃ፣ ምን በላ፣ ካካው ስንት ቁጥር ነበር ብላችሁ ያዙ። ሠራተኛ ወይም ሞግዚት ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የምትውል ከሆነ እሷም ትጻፍ፣ አለዚያም ድምፅ ትቅዳላችሁ።

እኛ ቤት የወጣው ውጤት አሳፈረኝ። ወተት አምስት ጡጦ፤ ጡጦው 240 ሚሊ ሊትር ነው፣ አምስቱ ሲደመር 1 ሊትር ከ200። ውሃ፣ ቫይታሚን ስትወስድ ሁለት ጉንጭ። ምሳ መኮሮኒ። መክሰስ ብስኩት። እራት ከመኮሮኒው የተረፈው። ፍራፍሬ፣ ግማሽ ሙዝ፣ እሱም ያልበሰለ። እኔ ግን ሰው ቢጠይቀኝ «ልጄ ጥሩ ትበላለች» ነበር የምለው።

ሦስተኛ፦ ወተቱን ቀንሱ

ከምግቡ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ ብትሉኝ ይሄን ነው የምለው። ወተት አሰር፣ ማለትም ፋይበር፣ የሚባል የለውም። ሆድ ግን ይሞላል። ወተት የጠገበ ልጅ ምሳ አይበላም፣ ምሳ ካልበላ «ምንም አልበላም እኮ» ብለን ሌላ ወተት እንሰጠዋለን። ከመጠን ያለፈ የላም ወተት የአይረን እጥረት የደም ማነስም ያመጣል፣ ስለዚህ የሆድ ነገር ብቻ አይደለም።

ዓመት ያለፈው ልጅ በቀን ሁለት ኩባያ፣ ወደ 480 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ቢበዛ ከ700 አይለፍ። እርጎም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል።

በአንድ ቀን አትቁረጡበት፣ ቤቱ ይታመሳል። በየሦስት በየአራት ቀኑ አንድ ጡጦ ቀንሱ። ቀድመው የሚወጡት ከምግብ በፊት ያሉት ይሁኑ፤ ወተት ከምግብ በኋላ ወይም ከምግብ ጋር፣ በጡጦ ሳይሆን በኩባያ። የማታው ጡጦ ነው ትግሉ። እኛ በየምሽቱ 30፣ 30 ሚሊ ሊትር እያሳነስን ወረድን፣ ስምንተኛው ቀን ላይ ባዶ ሆነ። ሦስተኛው ሌሊት ላይ አለቀሰች፣ አያቷም «ልጄን አስራባችኋት» ብለው ሁለት ቀን አኮረፉን። አለፈ። የማታ ጡጦ ጥርስም ስለሚያበላሽ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው።

ጡት የሚጠባ ልጅ ካላችሁ ግን ጡቱን አትንኩ። የጣሳ ወተት የምትሰጡ ደግሞ ማንኪያውን ቁልል አድርጋችሁ አትስፈሩ፣ በቢላዋ ጀርባ ደልድሉት፤ «ይጠንክርለት» ተብሎ የሚወፍር ወተት ያደርቃል። የላም ወተት አለርጂ ድርቀት የሚያመጣባቸው ጥቂት ልጆችም አሉ። ለእነሱ ሐኪም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወተት አስቁሞ ያያል። በራሳችሁ ግን ጨርሶ አታቋርጡ።

አራተኛ፦ ውሃ

ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ ወተቱን ጨምሮ በቀን አንድ ሊትር ገደማ መጠጥ ያስፈልገዋል። ወተቱ ወደ ግማሽ ሊትር ከወረደ ቀሪው ግማሽ ውሃ ነው ማለት ነው። ገልፍ ያላችሁና ቆላ የምትኖሩ ትንሽ ትጨምራላችሁ። ውሃ ብቻውን ተአምር አይሠራም፣ ግን አሰር ጨምራችሁ ውሃ ከረሳችሁ ነገሩ ይገለበጥባችኋል።

«ውሃ ጠጣ» ማለት አይሠራም። እኛ ትንሽ የራሷ ኩባያ ገዛንና በሰዓት አደረግነው። ስትነሳ፣ ከጨዋታ ስትገባ፣ ከመክሰስ ጋር፣ ከእንቅልፍ ስትነቃ። ሾርባም ይቆጠራል። ሻይ ግን ውሃ አይደለም፤ አይረን ከምግብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፣ ለሕፃን ባይሰጥ ይመረጣል። ለስላሳ መጠጥ ይቅር። ጭማቂ ደግሞ፣ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ለዚህ ዕድሜ በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይላል። ግማሽ ኩባያ መሆኑ ነው። ፍሬውን እንዳለ መብላት ግን ሁልጊዜም ይሻላል።

አምስተኛ፦ ገበታው

የአሰሩን ግራም የምትቆጥሩበት ጊዜ የላችሁም፣ እኔም የለኝም። ግምት ለሚፈልግ፣ የልጁ ዕድሜ ላይ አምስት መደመር ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ቢያንስ 7 ግራም። ግማሽ አቮካዶ ብቻውን 5 ግራም ገደማ አለው፣ እንግዲህ ያን ያህል ከባድ አይደለም። እኔ የያዝኩት ሕግ ቀላል ነው፦ በእያንዳንዱ ምግብ ላይ አንድ ፍራፍሬ ወይም አትክልት፣ በቀን አንዴ ጥራጥሬ።

የሚያደርቁትን አስቀድመን እንያቸው። ነጭ ዳቦ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሩዝ፣ ኢንዶሚ፣ ብስኩት፣ ቺፕስ። እነዚህ መርዝ አይደሉም፣ ቀኑን ሙሉ እነሱ ብቻ ሲሆኑ ነው ችግሩ። የቡላ ገንፎም ለሆድ ይመቻል ይባላል እንጂ አብዛኛው ስታርች ነው፣ አሰሩ ትንሽ ነው። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ እንጀራ ጥሩ ነው፤ ግን ዛሬ ከገበያ የምንገዛው እንጀራ ስንቱ ሩዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። እቤት የምትጋግሩ ብትሆኑ ለልጁ ጤፉን አታሳንሱበት።

ጥራጥሬ ላይ እኛ አበሾች የታደልን ነን። ምስር፣ ሽሮ፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽንብራ። ክክ ልጣጩ ስለወጣ አሰሩ ይቀንሳል፣ ድፍን ምስር ይበልጣል። በርበሬውን ትታችሁ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት አልጫ አድርጉት፣ ፍትፍት ሆኖ ይበላላችኋል። ጾም ሲገባ እኮ ቤት ውስጥ የሚሠራው ምግብ ለዚህ ልጅ የታዘዘ ይመስላል፤ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሽሮው። ልጁ ባይጾምም፣ ሕፃን አይጾምም፣ ከትልቁ ገበታ ጉርሻ እየወሰደ ይብላ፤ እንቁላሉና ወተቱ በልኩ ይቀጥልለት።

ጎመን ተቀቅሎ፣ ደቆ ተከትፎ። ዱባ ወጥ ጣፋጭ ስለሆነ ብዙ ልጅ ይወደዋል። ካሮት ተቀቅሎ። ቀይ ሥር ከሰጣችሁ በማግሥቱ ዳይፐሩ ቀይ ሲሆን እንዳትደነግጡ። እኔ ደንግጬ ሥራ ጥዬ ወጥቻለሁ።

ፍራፍሬ ላይ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን ከነአሰሩ። ክረምት ላይ ኮክና ፕሪም። ኮክ፣ ፕሪምና ፒር ውስጥ ሶርቢቶል የሚባል ስኳር አለ፤ አንጀት ቶሎ ስለማይመጠው ውሃ ወደ ካካው ይስባል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የደረቀ ፕሪም በየሱቁ አላችሁ፦ ሁለት ሦስት ፍሬ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፉ፣ ውስጡ ያለውን ዘር አውጡ፣ ጨፍልቃችሁ አጃ ውስጥ ጨምሩት። እንዳለ ግን አትስጡ፣ ያንቃል። ሙዝ የሚያደርቀው ያልበሰለው ነው፤ ልጣጩ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣው ምንም አይልም።

በለስ (የቁልቋሉ ፍሬ) ላይ ግን ቆም በሉ። በወቅቱ ሰሜን ያላችሁ፣ ከመንገድ ገዝታችሁ የምታልፉም፣ ፍሬው ጣፋጭ ነው፣ ልጅ አይጠግበውም። ዘሩ ግን አይፈጭም። ብዙ የበላ ልጅ ዘሩ መቀመጫው ላይ ተከማችቶ እንደ ሲሚንቶ ይደፍነዋል፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስም አለ። ለትንሽ ልጅ አለመስጠት ነው።

ተልባን ሁሉም ይመክራል፣ እውነትም ይረዳል፣ አሠራሩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ለቀማችሁ ምጣድ ላይ በዝግታ እሳት ቁሉት። ጣ ጣ ማለት ሲጀምርና ሽታው ሲወጣ አውርዱት፣ ካረረ ይመራል። ፍጩት፣ ንፉት። ጥሬውን አትስጡ፤ ጥሬ ተልባ ውስጥ ሳያናይድ የሚለቅ ነገር ስላለ የትንሽ ልጅ ገላ የሚችለው መጠን በጣም ጥቂት ነው፣ መቁላቱ ይቀንሰዋል። ሁለት ዓመት ላለፈው ልጅ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ በቀን አንዴ፣ አጥሚት ወይም እርጎ ውስጥ፣ አለዚያም በግማሽ ኩባያ ውሃ በጥብጣችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት። ይወፍርና ሙልጭልጭ ይላል፤ አንጀት ውስጥ የሚሠራውም ያ ሙልጭልጩ ነው። ጥቂት ማር ጠብ ብታደርጉበት ልጅ ይጠጣዋል። በኋላ ውሃ አስከትሉ። ደረቅ ዱቄቱን በማንኪያ አፉ ላይ አታድርጉ፣ ትን ይለዋል።

አጥሚት የምትሠሩ የአጃ ይሁን። በሶም ገብስ ስለሆነ ጥሩ ነው፣ ግን በጥብጣችሁ እንጂ ጭብጦውን ብቻ አይደለም።

የእኛ ቤት አንድ ቀን ይህን ይመስል ነበር። ጠዋት የአጃ ገንፎ ጥቂት ፓፓያ ተቆራርጦበት፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ። ረፋድ ላይ ብርቱካን። ምሳ የምስር ፍትፍት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጎመን። ከእንቅልፍ ስትነሳ አቮካዶ በማንኪያ፣ ውሃ። እራት ዱባ በእንጀራ ወይም ድንች በካሮት፣ ከዚያ አንድ ኩባያ ወተት። መኮሮኒ ቅዳሜ። ይሄን ሁሉ በላች ማለት አይደለም፤ ግማሹ ወለል ላይ ነበር። ጎመንን አሥር ጊዜ ተፍታ አሥራ አንደኛው ላይ የዋጠች ልጅ ናት። አታስገድዱ፣ አቅርቡ፣ እናንተ ፊት ለፊቱ ብሉ። ደግሞ በአንድ ቀን ሁሉንም አትጨምሩ፣ ሆዱ በጋዝ ይነፋል፤ ሁለት ሳምንት ውሰዱ።

ስድስተኛ፦ ፖፖ ላይ የመቀመጥ ሰዓት

ምግብ ሆድ ሲገባ ትልቁ አንጀት ይነቃል፣ ወደ ታች መግፋት ይጀምራል። ቁርስ በልተን ሽንት ቤት የምንሮጠው ለዚህ ነው። ይህን ሰዓት ተጠቀሙበት። ከቁርስና ከእራት በኋላ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ ፖፖ ላይ አምስት ደቂቃ። ካካ ወጣም አልወጣም አምስት ደቂቃው ካለቀ ይነሳ። ከአሥር ደቂቃ በላይ ማስቀመጥ ቅጣት ይሆናል።

አቀማመጡ ከሚመስላችሁ በላይ ወሳኝ ነው። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ መግፋት አይችልም። የእግሩ መዳፍ ወለል ይንካ፣ ጉልበቱ ከዳሌው ከፍ ይበል፣ ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል። ድሮ እናቶቻችን እግራቸውን ዘርግተው ልጁን መሃል ላይ ቁጢጥ የሚያደርጉት እኮ ትክክለኛው አቀማመጥ ነበር። በትልቁ የሽንት ቤት መቀመጫ የምትጠቀሙ ከሆነ የልጅ ማጥበቢያ ከላይ፣ ዱካ ወይም የተደፋ ትንሽ ሳፋ ከእግሩ ሥር አድርጉ። የጉድጓድ ሽንት ቤት ከሆነ ግን ልጁን እዚያ ላይ አታስቀምጡት። እወድቃለሁ ብሎ የፈራ ልጅ ይይዛል። ፖፖውን እቤት ይጠቀምና እናንተ ድፉት።

«ግፋ» አትበሉት። የሚነፋ ነገር ስጡት፤ የሳሙና አረፋ፣ ምንም ከሌለ እጃችሁን ሻማ አድርጋችሁ «እፍ በለው» በሉት። ሲነፋ ሆዱ ራሱ ይገፋል። ልጄ በአንድ የአረፋ ብልቃጥ ስንት ቀን እንደኖረች! ስልክ ግን አልሰጠናትም። ስልክ ያየ ልጅ ሆዱን አያዳምጥም።

ስለተቀመጠ አመስግኑት፣ ካካ ስላለ ብቻ አይሁን። ስቲከር፣ ጭብጨባ፣ በቂ ነው። «ኧረ ይሸታል»፣ «ቆሻሻ»፣ «እንትና እኮ ትልቅ ሆኗል፣ አንተ ብቻ» የሚባሉ ነገሮች ከቤት ይውጡ።

ዳይፐር የማስጣሉን ሥራ ጀምራችሁ ከሆነና ድርቀቱ ከዚያ ወዲህ ከመጣ፣ አቁሙት። ዳይፐሩን መልሱለት። ቆሞም ይሁን፣ መጋረጃ ጀርባም ይሁን፣ ብቻ ይውጣ። ካካው ለአንድ ወር ያህል ለስላሳ ሆኖ ሲቆይ እንደገና ትጀምራላችሁ። መዋዕለ ሕፃናቱ «ካልለመደ አንቀበልም» የሚል ከሆነ ችግራችሁ ይገባኛል፣ ቢሆንም ሁኔታውን አስረዷቸው።

ሩጫና ጨዋታም አንጀት ያነቃል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከቲቪ ፊት የሚውል ልጅ በቀን አንዴ እንኳ ግቢ ይውረድ። ማታ ሞቅ ባለ ውሃ ማጠብና ሆዱን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ አድርጎ ማሸት ያዝናናዋል።

መቀመጫው ተሰንጥቆ ካካው ላይ ቀይ የደም መስመር ካያችሁ በወረቀት አትፈግፍጉት፣ ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ ስስ ቫዝሊን ቀቡት። ካካው ከለሰለሰ ይድናል።

የማታደርጉት

ሳሙና ቀርጾ ማስገባት። ይህን የመከረችኝ ጎረቤት ክፉ አስባ አይደለም፣ እሷም እንዲሁ ነው ያደገችው። ሳሙና ግን ያቃጥላል፣ ያቆስላል፤ መቀመጫውን ለሚፈራ ልጅ ደግሞ ፍርሃቱን እጥፍ ያደርገዋል። ጣት ማስገባትም፣ በራስ ፈቃድ ከታች ውሃ መስጠትም እንደዚያው። የጉሎ ዘይት፣ ኮሶ፣ የአዋቂ የሚያስቀምጥ ኪኒን፣ አንዳቸውም ለሕፃን አይደሉም።

ሁለት ሳምንት ሞክራችሁ ካልሆነ

ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ተሸነፍን አትበሉ። መያዝ የለመደ ልጅ ብዙ ጊዜ ምግብ ብቻውን አይበቃውም። የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ ላክቱሎስ የሚባል ሽሮፕ ወይም ማክሮጎል የሚባል በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። ሁለቱም ካካው ውስጥ ውሃ ይዘው በማቆየት ነው የሚያለሰልሱት። መጠኑ በዕድሜና በክብደት ነው፣ የጎረቤት ልጅ የወሰደውን አትስጡ።

«ያላምደዋል፣ ያለ መድኃኒት አይወጣለትም» የሚባለው ነገር ነው እኔን የጎዳኝ። ለልጄ ሽሮፕ ታዘዘ፣ አምስተኛው ቀን ላይ 4 ቁጥር መጣ፣ አሥረኛው ቀን ላይ «ዳነች» ብዬ አቆምኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መጋረጃው ጀርባ ተመለሰች፣ ከበፊቱ የባሰ እየጮኸች። ዶክተሯ ተቆጣችኝ። እንዲህ ያለው መድኃኒት ቢያንስ ለሁለት ወር ይሰጣል፣ የሚቆመውም ልጁ ለአንድ ወር ያህል ምንም ምልክት ሳያሳይ ከቆየ በኋላ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። የተለጠጠ አንጀት ወደ ልኩ እስኪመለስና ልጁ ሕመሙን እስኪረሳ ጊዜ ይፈልጋል። ሁለተኛው ዙር ላይ ሦስት ወር ቆየን።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ መነገር አለበት። አያት በድብቅ ጡጦ ከሰጡ፣ ሞግዚቷ ልጁ እንዳያለቅስባት ብስኩት ካስያዘችው፣ መምህሯ «እረፍት እስኪሆን ያዘው» ካለችው ድካማችሁ ገደል ገባ። እኛ ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍን፦ ወተት ሁለት ኩባያ፣ ውሃ ሁለት ኩባያ፣ ፍራፍሬ ሦስት ጊዜ፣ ፖፖ ሁለት ጊዜ። አያቷ መጀመሪያ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ በኋላ ግን ራሳቸው ተልባ ቆልተው በብልቃጥ ይዘው መጡ።

ይመለሳል ደግሞ። ትኩሳት ሲይዘው፣ ትምህርት ቤት ሲጀምር፣ ታናሽ ሲወለድ፣ መንገድ ስትወጡ። 2 ቁጥር ሁለቴ በተከታታይ ካያችሁ ሳትጠብቁ ወደ ወተቱ፣ ወደ ውሃውና ወደ ፖፖው ሰዓት ተመለሱ። እኛ አሁንም ሐዋሳ ስንወርድ ከሻንጣው ቀድሞ መኪና ውስጥ የሚገባው ፖፖው ነው፤ ዝዋይ ላይ ቆመን፣ ልጅቷን መኪናው ጥላ ሥር አስቀምጠን፣ የአረፋ ብልቃጧን እንሰጣታለን።